ወጥመዱ ጦርነቱ ማለቁን አያውቅም፦ የጫካ ውጊያ ወጥመዶች ምንድን ናቸው?

ባለፈው ሰሞን ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አንዲት ጀበና ቡና ቤት ተቀምጠናል። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን የቬትናም ጦርነት ፊልም ያሳያል። አንድ ወታደር በጠባብ የጫካ መንገድ ይሄዳል። በድንገት መሬቱ ከእግሩ ስር ይከዳዋል። ከዚያ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። አጠገቤ የነበረው የሰፈራችን ልጅ ሲኒውን አስቀመጠና "ጋሼ፣ ይሄ የምር የነበረ ነው ወይስ የፊልም ነው?" አለኝ።

የምር የነበረ ነው አልኩት። ግን ፊልሙ ግማሹን ብቻ ነው ያሳየህ፤ ዋናው ጉዳት የሚመጣው ካሜራው ከጠፋ በኋላ ነው አልኩት። ቡናችን እስኪበርድ አወራን። ሌላም ሰው ይጠይቀው ይሆናል ብዬ ያወራነውን እዚህ ጻፍኩት። በዚያ ላይ ካለፉት ዓመታት ወዲህ "ፈንጂ"፣ "ያልፈነዳ ተተኳሽ" የሚሉ ቃላት ከዜና አልጠፉም። ብዙዎቻችን ግን አንዱን ከሌላው አንለይም።

ወጥመድ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጠመንጃን አስቡ። ቃታውን የሚስበው ተኳሹ ነው። ማንን እንደሚመታ አይቶ፣ አስቦ፣ ወይም ተሳስቶ ይስባል። ወጥመድ ላይ ግን ቃታው ተጠቂው ዘንድ ነው። የሚስበው የሚሞተው ሰው ራሱ ነው። በእግሩ ይስበዋል፣ በር ሲከፍት ይስበዋል፣ የወደቀ ዕቃ ሲያነሳ ይስበዋል። ያጠመደው ሰው በዚያ ሰዓት ቤቱ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ሞቶም ሊሆን ይችላል።

ዓለም አቀፉ ሕግም የሚያየው በዚሁ ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ጄኔቫ ላይ የጸደቀው የአንዳንድ መሣሪያዎች ስምምነት ለወጥመድ ፍቺ አስቀምጧል። በእኛ አነጋገር ሲነገር እንዲህ ነው፦ ሰውን ለመግደል ወይም ለመጉዳት የተዘጋጀ፣ ሰው ጉዳት የሌለው የሚመስል ነገር ሲነካ ወይም ሲጠጋ፣ ወይም አደጋ የሌለው የሚመስል ነገር ሲያደርግ፣ ሳይታሰብ የሚሠራ ነገር ነው። ቁልፉ "የሚመስል" የምትለው ቃል ናት። ወጥመድ ያለ ማታለል ወጥመድ አይሆንም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንለይ። ወጥመድ ማለት ከላይ ያልነው ነው። ፈንጂ ሊኖረው ይችላል፣ ላይኖረውም ይችላል፤ የሾለ እንጨት ብቻ ሊሆን ይችላል። የተቀበረ ፈንጂ የምንለው ደግሞ በፋብሪካ ወይም በእጅ ተሠርቶ መሬት ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሰው ወይም መኪና ሲረግጠው የሚፈነዳ ነው። ያልፈነዳ ተተኳሽ የሚባለው ተተኩሶ ወይም ተጥሎ ሳይፈነዳ የቀረ ቦምብ ወይም ጥይት ነው። ይሄኛውን ማንም ወጥመድ ይሁን ብሎ አላስቀመጠውም። ግን ለሚነካው ልጅ ልዩነት የለውም።

በእኛ አካባቢስ የሚታወቅ ነገር ነው?

አደን የሚያውቅ ሕዝብ ወጥመድን ያውቃል። እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ክረምቱን አጋሮ መንገድ ላይ አጎቴ ጋር አሳለፍኩ። ቡና አለው፣ ከቡናው ጎን በቆሎ አለው። እሸቱ ሲደርስ ከርከሮ ሌሊት እየመጣ ያወድመው ነበር። አጎቴ ማማ ላይ ማደር ታከተው። ከርከሮው በሚመላለስበት መንገድ ላይ ጉድጓድ ቆፈረ። በጭራሮ ከደነው፣ በላዩ አፈርና ቅጠል በተነ። ጠዋት ሳየው እኔ ራሴ መለየት አቃተኝ። ለቤተሰቡ ሁሉ "በዚህ አትለፉ" አለ።

በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ የላም ጩኸት ሰማን። ሮጠን ሄድን። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው የጎረቤታችን ጥጃ ነበር። አፉ ዙሪያ የወተት አረፋ አልደረቀም። የፊት እግሩ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። እናቲቱ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቆማ አንገቷን ወደ ታች ዘርግታ ትጮሃለች። አጎቴ ለቤቱ ሰው ተናግሯል፤ ለጎረቤት ግን አልተናገረም። ለጥጃ ደግሞ ማን ይነግረዋል? ባለቤቲቱ መጥታ አየች። አልጮኸችም። "ጉድጓድ ስትምስ አርቀህ አትማሰው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅምና ሲባል አልሰማህም?" ብላ ተመለሰች። አጎቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚያ ጉድጓድ ታሪክ ነው፤ ከርከሮው በሰው ተተካ እንጂ።

አካባቢያችን ውስጥ መሬትን ራሱን መከላከያ ማድረግም የቆየ ነው። በጅማ መንግሥት ዘመን በድንበሩ ላይ ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ይተው ነበር፤ ሞጋ ይባላል። መግቢያው ኬላ ነው። የከፋ መንግሥትም ዙሪያውን በጥልቅ ቦይ ታጥሮ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 በምኒልክ ጦር እጅ እስኪወድቅ ድረስ ያ ቦይ ጠላትን ሲያንገላታ ቆይቷል። እነዚህ ግን በግልጽ የሚታዩ ናቸው። ቦይ "አትምጣ" ይላል። ወጥመድ "ና" ነው የሚለው።

ለምን ጫካ ውስጥ?

በለጠ ጌራ ጫካ ውስጥ በእግሩ የሄደ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ከፊትህ የምታየው አሥር እርምጃ፣ ሃያ እርምጃ ነው። መሬቱ በወደቀ ቅጠል ተነጥፏል። ሰው የሚያልፍበት መንገድ አንድ ነው፤ ከእሱ ከወጣህ ሐረግ ይይዝሃል። ለአጥማጅ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። የሚመጣው ሰው የት እግሩን እንደሚያሳርፍ አስቀድሞ ያውቃል። መሸፈኛውም እዚያው ነው።

ሌላው ምክንያት ድህነት ነው። የሽምቅ ተዋጊ ታንክ የለውም፣ አውሮፕላን የለውም። ያለው እጁ፣ ጊዜውና አካባቢውን ማወቁ ነው። ቀርከሃ ደግሞ በነጻ ይበቅላል። ወደ ማሻ የሄደ ሰው የደጋውን ቀርከሃ አይቷል። አጥር፣ ቅርጫት፣ የቤት ማገር የሚሆነው ያው ተክል በእስያ ጫካዎች የጦር መሣሪያ ሆኗል። ተስሎ መሬት ላይ የሚተከለው የቀርከሃ እሾህ "ፑንጂ" ይባላል። ስሙ በእንግሊዞች ጽሑፍ ውስጥ የገባው ባለፈው ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበረው ምዕተ ዓመት፣ ከበርማ ደጋማ ሕዝቦች ጋር ሲዋጉ ነው። ቬትናም የፈጠረችው ነገር አይደለም ማለት ነው።

ቬትናም ውስጥ የሆነው ምን ነበር?

ስሙን ያገነነው ግን የቬትናም ጦርነት ነው። ቪየት ኮንግ የሚባሉት፣ የአሜሪካን ጦር የሚወጉት ሽምቅ ተዋጊዎች ሁለት ዓይነት ወጥመድ ይጠቀሙ ነበር። አንደኛው ፈንጂ የሌለው ነው፦ ጉድጓድና እሾህ። ሁለተኛው ፈንጂ ያለው ነው።

ፈንጂውን ከየት አመጡት? ሰዎች ሲሰሙት የሚገርማቸው እዚህ ጋ ነው። ብዙው ከአሜሪካኖቹ ከራሳቸው ነው። በዚያ ጦርነት በቬትናም፣ በላኦስና በካምቦዲያ ላይ የተጣለው ቦምብ ከ7 ሚሊዮን ቶን በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ ሳይፈነዳ የቀረው ብዙ ነበር። ተዋጊዎቹ እሱን እየለቀሙ መልሰው ይጠቀሙበት ነበር። ወታደር የጣለው የቆርቆሮ ጣሳ እንኳን አይባክንም ነበር። የአንዱ ወገን ቆሻሻ የሌላው ወገን ግምጃ ቤት ሆነ።

ከሳይጎን ሰሜን ምዕራብ ያለው የኩ ቺ ዋሻም የዚሁ አካል ነው። ርዝመቱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ፣ በእጅ የተቆፈረ የመሬት ውስጥ መንገድ ነው። መግቢያውና መተላለፊያው ላይ ወጥመድ ይቀመጥ ነበር። አሜሪካኖቹ ወደዚያ የሚልኩት ሰውነታቸው ትንንሽ የሆኑ ፈቃደኛ ወታደሮችን ነው። ሽጉጥና ባትሪ ይዞ በደረቱ እየተሳበ የሚገባ ሰው አስቡ። እያንዳንዱን ጣት የሚያህል ቦታ በእጁ እየዳሰሰ ነው የሚሄደው።

የእሾሁ ነገር ሲበዛ የአሜሪካ ጦር ጫማውን ቀየረ። የጫካ ቡትስ ሶል ውስጥ ስስ ብረት አስገባበት። አንድ ሀብታም ጦር ለተሳለ እንጨት ሲል ጫማውን እንደገና መሥራት ነበረበት።

ተዋጊዎቹ ራሳቸውስ እንዴት አይረግጡትም? ምልክት ነበራቸው። የተሰበረ ቅርንጫፍ፣ በተለየ መንገድ የተደረደረ ድንጋይ፣ የታሰረ ቅጠል። የአካባቢው ሰው ያውቀዋል፣ እንግዳው አያውቀውም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዋና ዓላማው መግደል ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

እርግጥ ነው ይገድላል። ቬትናም ውስጥ ከሞቱት የአሜሪካ ወታደሮች ከአሥሩ አንዱ ገደማ የሞተው በፈንጂና በወጥመድ ነው። ከቆሰሉት ውስጥ ድርሻው ከዚያም ይበልጣል። ግን አጥማጁ የሚፈልገው ከሁሉ በላይ ማዘግየትና ማስፈራት ነው። አንድ ሰው ሲሞት ጓዶቹ አዝነው ይቀጥላሉ። አንድ ሰው ሲቆስል ግን የሚሸከሙት ያስፈልጉታል፣ የሚጠብቋቸው ያስፈልጋሉ፣ ሄሊኮፕተር ይጠራል። ጉዞው ይቆማል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፍርሃት ደግሞ አለ። በአንድ ሰዓት ሊደረስበት የሚችለው መንገድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሰው ወደ ፊት ሳይሆን እግሩን እያየ ይሄዳል። አገሩ ሁሉ ጠላት ይሆንበታል፦ በሩ፣ የወደቀው ባንዲራ፣ የውሃው ዳር። ማታ ኤሌክትሪክ ሲጠፋና የውሻ ጩኸት ስትሰሙ እንዴት እንደምትራመዱ አስታውሱ። ያንን ስሜት ለአንድ ዓመት፣ በየቀኑ፣ ከንጋት እስከ ማታ ተሸከሙት።

ፍርሃቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነው። ቁጣም አለ፣ ቁጣው ደግሞ መውጫ የለውም። ጓደኛህ እግሩን አጥቷል፣ ግን የምትተኩስበት ሰው የለም። በአጠገቡ ያለው የመንደሩ ገበሬ ነው። "ይሄ ሰው በየቀኑ በዚህ ያልፋል፤ እንዴት አልረገጠውም? ያውቅ ነበር ማለት ነው" ይላል ወታደሩ። ምልክቶቹን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። አንዳንዱ ገበሬ ያውቃል፣ አንዳንዱ አያውቅም፣ አንዳንዱ ቢናገር ማታ ይገደላል።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 1968 ማይ ላይ በተባለ መንደር የአሜሪካ ወታደሮች መሣሪያ ያልያዙ ሰዎችን ጨፈጨፉ። የቬትናም መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 504 ይላል፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና አዛውንት ነበሩ። ጭፍጨፋውን የፈጸመው የጦር ክፍል ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ሰዎቹን በፈንጂና በወጥመድ ሲያጣ ነበር። ይህ ለግድያው ምክንያት አይሆንም፤ ሕፃን መግደልን የሚያጸድቅ ምንም ነገር የለም። ግን ወጥመድ በሰው አእምሮ ላይ ምን እንደሚሠራ ያሳያል። ጠላቱን የማያይ ሰው ያገኘውን ሁሉ ጠላት ያደርጋል። የሚከፍለውም ብዙ ጊዜ መንደሬው ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ወጥመድ በሙሉ አልተከለከለም። ይህም ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ሕጉ የሚያደርገው ማጥመድ የማይቻልባቸውን ነገሮች መዘርዘር ነው። የዚያው ስምምነት አካል የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣውና በ1996 የተሻሻለው ፕሮቶኮል ማጥመድ የሚከለክለው እነዚህን ነው፦ የቀይ መስቀልና የመሳሰሉትን ምልክቶች፣ በሽተኛን፣ ቁስለኛን፣ ሬሳን፣ መቃብርን፣ የሕክምና ቦታና ዕቃን፣ የልጆች መጫወቻን፣ ምግብና መጠጥን፣ የማዕድ ቤት ዕቃን፣ የሃይማኖት ነገሮችን፣ ታሪካዊ ቅርሶችን፣ እንስሳትንና በድናቸውን።

ይህን ዝርዝር ቀስ ብላችሁ አንብቡት። እያንዳንዱ ነገር የተጻፈው አንድ ሰው ሊያደርገው ስለሚችል ነው። 

ሁለተኛው ሕግ ሰፋ ያለ ነው። ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለው የኦታዋ ስምምነት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 ለፊርማ ቀረበ፣ በመጋቢት 1999 በሥራ ላይ ዋለ። ሰው ሲረግጠው ወይም ሲነካው የሚፈነዳ ማንኛውም መሣሪያ በዚህ ሥር ይወድቃል፤ ስሙ ወጥመድ ቢባል፣ በእጅ ቢሠራ ለውጥ የለውም። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የፈረመችው እ.ኤ.አ. በ1997፣ ያጸደቀችው በታኅሣሥ 2004 ነው። አሜሪካ፣ ሩሲያና ቻይና አባል አይደሉም።

ጦርነቱ ሲያልቅስ?

ጠመንጃ የያዘ ሰው ሰላም መሆኑን ሲሰማ ጠመንጃውን ያስቀምጣል። ወጥመድ ሬዲዮ አይሰማም። ያጠመደው ሰው ይሞታል፣ ይሰደዳል፣ ይረሳል። ምልክት ያደረገበት ቅርንጫፍ ይበሰብሳል። ዝናብ መሬቱን ያንሸራትታል። ባለፈው ዓመት ከመንገዱ ዳር የነበረው ዘንድሮ ማሳ መሃል ይገኛል።

የቬትናም ጦርነት ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ከዚያ ወዲህ ሳይፈነዳ በቀረ ቦምብና ፈንጂ 40 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ፣ 60 ሺህ ያህል እንደቆሰለ የአገሪቱ መንግሥት ይገልጻል። ኳንግ ትሪ የተባለው ክፍለ ሀገር እስከ ዛሬ ይጸዳል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ገበሬዎች ናቸው። ብዙዎቹ ደግሞ ብረት ለቅመው የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። እዚህ ጅማ፣ መንደራ ወይም ቆጪ ሰፈር በጠዋት "ቁራሌው!" እያለ የሚዞረውን ልጅ አስቡት። ለእሱ ብረት ማለት እንጀራ ነው። እዚያም እንዲሁ ነበር።

እኛ አገርም የተቀበረው ጥቂት አይደለም። ከጣሊያን ወረራ ጀምሮ፣ በሶማሊያ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 በነበረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት፣ በየጊዜው መሬት ውስጥ የቀረ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የኢትዮጵያ የፈንጂ ማምከን ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 ከነበረው የሰሜኑ ጦርነት በኋላም በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ልጆች ሜዳ ላይ ባገኙት ነገር እጃቸውን፣ ዓይናቸውን፣ ሕይወታቸውን አጥተዋል።

በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ቢያንስ 5,757 ሰው በፈንጂና ሳይፈነዳ በቀረ ተተኳሽ ሞቷል ወይም ቆስሏል። ከእነሱ 84 ከመቶው ሰላማዊ ሰዎች ናቸው። ጉድጓዱን የቆፈሩት ለከርከሮ ነው፤ የገባው ጥጃው ነው።

ማንሳቱ ለምን ይህን ያህል ይከብዳል?

አጎቴ የቆፈረው አንድ ጉድጓድ አልነበረም። ሦስት ነበር። ያን ቀን ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ። ሁለቱን ወዲያው ደፈነ። ሦስተኛው ጠፋው። እሱ ራሱ ነው የቆፈረው፣ ከአሥር ቀን አይበልጥም፣ መሬቱም የገዛ መሬቱ ነው። ግን ሌሊት ነፋስ ነበር፣ ቅጠል ረግፏል፣ ምልክት ያደረገበትን እንጨት አንድ ሰው ለማገዶ አንስቶታል። በረጅም ዘንግ ከፊቱ ያለውን መሬት እየመታ ሲፈልግ ዋለ። እኔን "እዚያው ቁም፣ እንዳትንቀሳቀስ" ብሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ አገኘው፤ ከፈለገበት ቦታ በጣም ርቆ ነበር።

ፈንጂ አምካኞች የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ሲያገኙት ሊገድላቸው መቻሉ ነው። ያጠመደው ሰው የለም፣ ካርታ የለም። በብረት መፈለጊያ ይሄዳሉ። መሣሪያው ሚስማር ሲያገኝም ይጮሃል፣ ክዳን ሲያገኝም ይጮሃል። እያንዳንዱን ጩኸት ተንበርክኮ ማየት ግድ ነው። ብረት የሌለውን ወጥመድ ደግሞ ጭራሽ አያሰማም። ውሻ ይረዳል። አይጥም ይረዳል። አፖፖ የሚባል ድርጅት ታንዛኒያ ውስጥ የአፍሪካን ግዙፍ አይጥ የፈንጂ ሽታ እንድትለይ ያሠለጥናል። አይጧ ቀላል ስለሆነች ብትረግጠውም አይፈነዳም። ማጋዋ የተባለው አይጥ በሥራ ዘመኑ ካምቦዲያ ውስጥ ከመቶ በላይ ፈንጂና ያልፈነዳ ተተኳሽ አግኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። አይጥ ሲባል ጎተራ ለሚገባው ብቻ ዱላ ለምናነሳ ሰዎች ይህ ደስ የሚል ወሬ ነው።

እኔ ባየው ምን ላድርግ?

ጅማ ውስጥ ይህ ላያጋጥመን ይችላል። ግን ከዚህ ተነስቶ ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለዘመድ ጥየቃ ጦርነት ወደነበረበት አካባቢ የሚሄድ ብዙ ነው።

የማታውቀውን ብረት፣ የተወጠረ ሽቦ፣ ያለ ቦታው የተቀመጠ አዲስ ዕቃ ካየህ አትንካው። አታንቀሳቅሰው፣ ድንጋይ አትወርውርበት፣ ፎቶ ለማንሳት አትጠጋው። ባለህበት ቁም። አብረውህ ያሉትን ድምፅህን ከፍ አድርገህ አስቁማቸው። የመጣህበትን መንገድ ዱካህን እያየህ ተመለስ። ዱካህ የማይታይህ ከሆነ ከቦታህ አትነቃነቅ፣ እርዳታ ጥራ። ከራቅህ በኋላ ሌላ ሰው እንዳይገባ ለማንም በሚታይ ነገር ምልክት አድርግና ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ አሳውቅ። ሰው ተጎድቶ ብታይ እንኳን ሮጠህ አትግባ። አንድ ባለበት ሁለተኛም ይኖራል፤ ብዙ ሰው የሞተው ጓደኛውን ሊያነሳ ሲሮጥ ነው።

ልጆች ካሏችሁ ይህንን በቀላል ቋንቋ ንገሯቸው። የሰፈራችን ልጅ ያን ቀን መጨረሻ ላይ የጠየቀኝ ግን ይህን ነበር፦ "ጥጃውስ ዳነ?"

አልዳነም። አጎቴ በቀጣዩ የገበያ ቀን የራሱን ጊደር ነድቶ ለጎረቤቱ ሰጣት።